የካሴ ድርሻ

አያ ፈንታው ማረፋቸውን የሰማሁት ወልድያ መናኸሪያ ቆሜ ነው። ድሮ ያስተማርሁት ምስጋናው ዛሬ የልጆች አባት ሆኗል፤ ከአውቶቡስ ላይ ጆንያ እያስወረደ አየኝና ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ፣ «መምህር፣ አያ ፈንታውኮ አረፉ። አልሰሙም እንዴ? የፊታችን እሑድ አርባቸው ነው» አለኝ።

ምን እንደመለስሁለት አላስታውስም። «እግዜር ነፍሳቸውን ይማር» ብዬ ይሆናል፤ ሰው የሚለው እሱኑ ነው። የማስታውሰው ድንገት የያዘኝን ፍርሃት ነው። ሐዘን ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ሐዘን እንዴት እንደሚታዘን ሁሉም ያውቃል። የኔ ግን ሌላ ነው። ለእኒያ ሰው ልነግራቸው የሚገባኝን አንድ ነገር ዛሬ ነገ እያልሁ ስንት ዓመት ካዘገየሁ በኋላ፣ አሁን የምነግራቸው ሰው እንደሌለ ማወቄ ነበር።

የተዋወቅነው በደርግ ጊዜ፣ የሰባ ሰባቱ ድርቅ ሊብስ ጥቂት ሲቀረው ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከብልባላ ግማሽ ቀን በእግር የሚያስኬድ ወይራ አምባ የሚባል ቀበሌ አስተማሪ ሆኜ ተመደብሁ። ትምህርት ቤቱ ባለ ሁለት ክፍል የድንጋይ ቤት ነው። ከአጥሩ ጀርባ የሚካኤል ቤተክርስቲያን የሰንበቴ ቤት አለ። ቀኑ ሲጠራ የአሸተን ማርያም ተራራ ከነገደሉ ከሩቅ ይታያል። ማደሪያ የሰጡኝ አያ ፈንታውና ባለቤታቸው እትዬ ዘነቡ ናቸው፤ ግቢያቸው ውስጥ የነበረችውን የእህል ቤት ጠርገው «ይችውልህ ቤትህ» አሉኝ።

አያ ፈንታው ገበሬ ናቸው፤ ሥራ በቀለለ ጊዜ ደግሞ ሞፈርና ቀንበር ይጠርባሉ። ቁመታቸው አጭር፣ ጆሯቸው ትልቅ፣ ሳቃቸው ድምፅ የሌለው፤ ሲስቁ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚነቃነቀው። ፊደል አልቆጠሩም። መጀመሪያ ሳያቸው ጻድቅ ሰው ናቸው ብዬ አላሰብሁም። ቅዳሴ ላይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ያንቀላፋሉ። የደብሩ ቄስ መምሬ አስረስ አንድ እሑድ ሰው ፊት ቢቆጧቸው፣ «መምሬ፣ ፈረስም ቆሞ ነው የሚተኛ። ጌታው ሲጠራው ግን ይሰማል» አሉ። መምሬ ሳይወዱ በግድ ሳቁ።

ሐሜት አይችሉም ነበር። ሰው ተሰብስቦ የሌለ ሰው ስም በክፉ ከተነሳ አይገሥጹም፣ አይመክሩም። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው፣ «እስቲ በሬዬን ልየው» ይሉና ይነሳሉ። ሁሉም ያውቃል። ወሬው እዚያ ላይ ይቆማል፤ ሐሜተኛውም ጉሮሮውን ጠርጎ ስለ ዝናብ ይጀምራል። ድርቁ ሲመጣ በሬያቸው ሞተ። እሳቸው ግን ከዚያ በኋላም «እስቲ በሬዬን ልየው» እያሉ ይነሱ ነበር፤ ሄደው ባዶውን በረት አይተው ይመለሳሉ። እትዬ ዘነቡ፣ «እንግዲህ በሬው ደህና አደረ ወይ?» ብለው ሲቀልዱባቸው ትከሻቸው ይስቃል።

የበዓሉንም ነገር አልረሳው። ካድሬዎቹ በዓል ማክበር ሥራ መፍታት ነው ብለው፣ በማርያም ቀን ሕዝቡ ወደ ማሳ እንዲወጣ አዘዙ። ገበሬው ተቆጣ፤ ግማሹ ቤቱን ዘግቶ ተቀመጠ። አያ ፈንታው ግን ዶማቸውን ይዘው ሲወጡ ታዩ። «ፈንታው ከዳን» ተባለ። የሄዱት ወደ ራሳቸው ማሳ አልነበረም፤ ከዓይነ ስውሯ ከእናኑ ማሳ ገብተው ሲያርሙ ዋሉ። መምሬ አስረስ ማታ መጥተው ቢጠይቋቸው፣ «እመቤቴ ዛሬ የት እንደዋለች እኔ አላውቅም። የማውቀው የእናኑ ማሳ አረም እንደዋጠው ነው» አሉ። በሚቀጥለው ወር በማርያም ቀን መምሬም ዶማ ይዘው ወጡ።

የሰንበቴው ሙሴ ማለትም አለቃው እሳቸው ነበሩ። ማኅበርተኛው በየተራው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዳቦና ጠላ ያመጣል፣ ቄሱ ይባርካሉ፣ ሙሴው ይቆርሳል። በወይራ አምባ ታዲያ አንድ ልማድ አለ። ማኅበርተኛው መንገድ ሄዶ ወይም ታስሮ ከቀረ ድርሻው አይቀርበትም። ይቆረስለትና በጨርቅ ተጠቅልሎ ከሰንበቴ ቤቱ ጀርባ፣ በግድግዳው ባለች ሽንቁር ውስጥ ይቀመጣል፤ ድንጋይ ይገጠምባታል። የራበው ያነሳዋል። ማን አነሳው ተብሎ አይጠየቅም፤ ዞሮ ማየት ራሱ ነውር ነው። ደሀው የበላው ለሩቁ ሰው ጸሎት ይሆንለታል ይላሉ።

ያን ጊዜ የሩቅ ሰው የነበረው ካሴ ነው፤ የአያ ፈንታው ታናሽ ወንድም። እርዳታ እህል ይሰጣል ተብሎ አቅማዳውን ይዞ እንደ ወረደ በዚያው መኪና ላይ ተጫነና ሰፈራ ተወሰደ። የተወሰደበትን አገር ስም እንኳ በውል የነገራቸው የለም። ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ የካሴን ድርሻ አያ ፈንታው ይቆርሱለታል። ድርቁ ጠንቶ ማኅበርተኛው የሚያመጣው ሲያጣ ሰንበቴው ተቋረጠ። እሳቸው ግን አላቋረጡም። መምሬ አስረስ፣ «ፈንታው፣ እግዜርም ያያል፤ ተወው» ቢሏቸው፣ «የካሴ ማሳ የሰጠችው ትንሽ ገብስ አለች መምሬ። የሱን እህል ለሱ ብቆርስ እኔ ምን አወጣሁ?» አሉ።

አሁን ወደ ራሴ ነገር ልምጣ፤ ብሸሽም አይሆንልኝም።

ድርቁ ሲብስ ደመወዛችን መምጣቱን አቆመ፤ መንገዱ አይታመንም ተባለ። ቢመጣም ብልባላ ገበያ ላይ የሚገዛ እህል አልነበረም። ደካማው ሁሉ እርዳታ ፍለጋ ወደ ታች ወርዷል፤ መንደሩ ኦና ሆኗል። የቀሩት ልጆች ወንበር ላይ እንቅልፍ ይጥላቸዋል። እኔ ግን የመንግሥት ሰው ነኝ። ሰው ሁሉ «አስተማሪው መቼም አያጣም» እንደሚል አውቃለሁ፤ ያንን ግምት እንደ ጥሩ ኮት ለብሼው ዞርሁ። ቀበቶዬ ላይ አዲስ ቀዳዳ በምስማር ከበሳሁ በኋላ እንኳ አላወለቅሁትም።

በዚያው ሰሞን ከወረዳው አንድ ማስታወቂያ መጣና ለገበሬው እንዳነብ ታዘዝሁ። ጓያ አትብሉ፣ ሽባ ያደርጋል ይላል። አንብቤ ሳበቃ ከራሴ ጨመርሁበት። አክስቴን ጓያ ሰብሯት በዱላ እየተጎተተች መሞቷን ነገርኋቸው፣ «እኔ ብሞት ጓያ አልቀምስም» አልሁ። በድርቁ ደህና የበቀለው ጓያ ብቻ ነበር። አያ ፈንታው ከወደ ኋላ ሆነው፣ «መምህር፣ የማይሰብረውን ንገሩንና እሱን እንብላ» አሉ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ጠፋ።

ፋሲካ አለፈ። አንድ ቀን በደጃቸው ሳልፍ እትዬ ዘነቡ የጓያ ንፍሮ አቅርበው፣ «ና ቅመስ» አሉኝ። ሽታው አንድ እርምጃ አስጠጋኝ። አክስቴ ትዝ አለችኝ፤ ኩራቴም ትዝ አለኝ። «አልበላም፣ ጾም ነኝ» አልሁ።

እትዬ ዘነቡ እጃቸው በአየር ላይ ቀረ። አያ ፈንታው ቀና ብለው አዩኝ። ምን እንዳልሁ የገባኝ ያኔ ነው። በዓለ ሃምሳ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሃምሳ ቀን ክርስቲያን ቢፈልግ እንኳ አይጾምም፤ የቤት ድመት የምታውቀው ነገር ነው። ፊቴ ጋለ። አያ ፈንታው በለሆሳስ፣ «መምህር፣ ይህ የያዝኸው ጾም ስሙ ማን ይባላል?» አሉኝ። እሳቸውም መልስ አልጠበቁም፤ ጋቢያቸውን አስተካከሉና፣ «እስቲ በሬዬን ልየው» ብለው ተነሱ።

በማግስቱ ደብተር ሳርም ወደ ትምህርት ቤቱ መጡ። በር ላይ ቆመው ሰማዩን እያዩ፣ «የካሴን ድርሻ የሚያነሳው ጠፋ። ድሆቹ ሁሉ ወርደው አለቁ። ሁለት እሑድ አይጥ በላው። ይህ ኃጢአት አይደለም ትላለህ?» አሉ። «ኃጢአት ነው» አልሁ። «እኔም እንዲያው ነው የምለው» ብለው ሄዱ። ከሰንበቴ ቤቱ ሽንቁር እስከማስተምርበት ክፍል መስኮት አሥር እርምጃ አይሞላም።

የመጀመሪያውን እሑድ አልሄድሁም ብል ደስ ይለኝ ነበር። ሄድሁ። ቀትር ላይ፣ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ከገባ በኋላ፣ ድንጋዩን አንስቼ ጨርቁን ብብቴ ሥር አደረግሁ። ክፍሉን ዘግቼ፣ ጥቁር ሰሌዳው ሥር ቆሜ በላሁት። ለምን እንደቆምሁ አላውቅም፤ መቀመጥ ድፍረት መስሎ ታየኝ። የገብስ ዳቦ ነበር፣ ነጭ፣ ጓያ ያልነካው። በሚቀጥለው እሑድም እንዲሁ። ጨርቁን አጥቤ ወደ ሽንቁሩ እመልሳለሁ። አያ ፈንታው በሳምንቱ ውስጥ ሲያገኙኝ ስለ ልጆቹ ይጠይቁኛል፣ ስለ አየሩ ያወራሉ፤ ዓይናቸው አንድም ቀን ወደ ሆዴ ወርዶ አያውቅም። በዚያ ሰሞን ቁልቁለት ሲወርዱ እግራቸው ይደናቀፍ ጀምሮ ነበር። ዱላ ያዙ። «ማርጀት እንዲህ ድንገት ነው እንዴ የሚመጣ?» እያሉ ይስቁ ነበር።

ታዲያ ያን ጊዜ መንግሥትን የሚወጉ ታጣቂዎች በየተራራው አሉ ይባላል፤ መንግሥት ወንበዴ ይላቸዋል፣ ሌላው ስማቸውን አይጠራም። የወረዳው ካድሬ ጓድ ታደለ ለስብሰባ መጣ። ወጣት ነው፣ ከእኔ ብዙም አይበልጥም፤ ሲናገር ጣቱን ጠረጴዛ ላይ ይመታል። ሕዝቡን ወይራው ሥር ሰብስቦ ስለ ምርት ሲናገር ቆየና ድንገት፣ «እዚህ ቀበሌ በየእሑዱ ከቤተክርስቲያን ጀርባ ስንቅ የሚያስቀምጥ ሰው አለ። ማነው?» አለ።

አያ ፈንታው ዱላቸውን ተደግፈው ተነሱ። «እኔ ነኝ። ስንቅ አይደለም፤ የወንድሜ ድርሻ ነው።»

«ወንድምህ የት ነው?»

«እሱንማ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። የወሰዳችሁት እናንተ ናችሁ።»

አጠገቤ የቆመችው ሴት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጓድ ታደለ ጣቱን ጠረጴዛው ላይ መምታት ተወ። «ወንድምህ ሰፈራ ከሄደ ዳቦውን የሚበላው ማነው?»

«የራበው።»

«ስም አለው የራበው?»

አያ ፈንታው ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱና፣ «እስቲ በሬዬን ልየው» አሉ።

ሕዝቡ ሳያስበው ሳቀ። ጓድ ታደለ አልገባውም። «በሬ የለህም! በሬህ ሞቷል ተብዬአለሁ!» ብሎ ጮኸ። አያ ፈንታውም፣ «እውነት ነው፣ ሞቷል» ብለው ተቀመጡ።

ከስብሰባው በኋላ ጓድ ታደለ ክፍሌ ገባ። በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ አየ፤ የሰንበቴ ቤቱ ጀርባ ፊት ለፊት ነው። «ጓድ መምህር፣ አንተ የተማርህ ሰው ነህ። እሑድ እዚህ ተቀምጠህ ዋል። ማን መጥቶ እንደሚያነሳው ጽፈህ ሰኞ ትሰጠኛለህ» አለኝ። «እሺ» አልሁ።

ያን ሳምንት እንዴት እንዳለፍሁት ዛሬም አላውቅም። እኔ ነኝ ብል ምን ይመጣል? ማን ያምነኛል? ለወንበዴ የሚያቀብለው አስተማሪው ነው ይሉኛል። ቢያምኑኝስ? የመንግሥት ሠራተኛ የደሀ ቁራሽ ሲለቅም ተገኘ ይባላል፤ ያ ኮት ከላዬ ላይ በአደባባይ ይወልቃል። የትኛው አብልጦ እንዳስፈራኝ በሐቅ ልናገር፤ ሁለተኛው ነው። አያ ፈንታውን ዓይን ለዓይን እንዳላይ በየቀኑ ጎሕ ሲቀድ እወጣ ነበር። ሐሙስ ቀን በራፍ ላይ ያዙኝና፣ «መምህር፣ ከሳህ። እንቅልፍ አትተኛም መሰል» አሉኝ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። «የልጆቹ ፈተና ነው» አልሁ።

እሑድ ደረሰ። ከቅዳሴ በኋላ አያ ፈንታው ዱላቸውን እየተመረኮዙ መጥተው ጨርቁን ሽንቁሩ ውስጥ አስገቡ፣ ድንጋዩን ገጠሙ፣ አማተቡ፣ ሄዱ። ልማዱን ጠብቀው ዞር ብለው አላዩም። ሁለት ሚሊሻዎች ከቤተክርስቲያኑ ጽድ ሥር ተቀምጠዋል። እኔ ደብተሬን ዘርግቼ በመስኮቱ አያለሁ። ከዓርብ ጀምሮ ጥሬ እንኳ አልቀመስሁም። ድንጋዩን አያለሁ፤ አፌ ውሃ ይሞላል፤ እውጣለሁ፤ እንደገና አያለሁ። ፀሐይ ዞረች። ማንም አልመጣም። ማን ሊመጣ! የሚመጣው ሰው መስኮት ሥር ተቀምጦ ራሱን ይጠብቃል። ሲመሻሽ ደብተሩ ላይ «ማንም አልመጣም» ብዬ ጻፍሁ። ውሸት አልነበረም። በሕይወቴ ከጻፍሁት እውነት ሁሉ ግን እንደዚያ የከፋ የለም።

ሰኞ ጠዋት ጓድ ታደለ አነበበው። አንገቱን ነቀነቀ። «ማንም አልመጣም። በየእሑዱ ሲነሳ የከረመው ዳቦ ዛሬ ለምን ቀረ? ሽማግሌው አስጠንቅቆታል ማለት ነው። ሰውየውን ያውቀዋል» አለ።

ይህን አላሰብሁም ነበር። ባልበላው የማድናቸው መስሎኝ ነበር እንጂ ያልተበላው ዳቦ እንደሚመሰክርባቸው አልታየኝም። አፌን ከፈትሁ።

«ጓድ…» አልሁ።

«ምን?»

«ቀኑን… ቀኑን አልጻፍሁበትም።»

ደብተሩን መለሰልኝ። ቀኑን ጻፍሁበት።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሚሊሻዎቹ አያ ፈንታውን እጃቸውን አስረው በትምህርት ቤቱ ደጅ አሳለፏቸው፤ ወደ ላሊበላ ነው የሚወስዷቸው። እትዬ ዘነቡ ጋቢ ይዘው እየሮጡ ይከተላሉ። ልጆቹ በመስኮት ተንጠላጥለው ያያሉ። አያ ፈንታው በር ላይ የቆምሁትን ሲያዩኝ እግራቸውን ገታ አደረጉ። ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም፣ ምልክትም የለም። እንደ ማንኛውም ቀን አድርገው፣ «መምህር፣ ዳቦው ይደርቃል» አሉኝ።

ሚሊሻው ገፋ አደረጋቸውና አለፉ።

ያን ዳቦ ቀትር ላይ በላሁት። ደርቆ ነበር። ይህን እስከ ዛሬ ለሰው ተናግሬ አላውቅም።

ሁለት ወር ታሰሩ። እኔ በየቀኑ ነገ ሄጄ እናገራለሁ እላለሁ፤ በየቀኑ ነገው ይርቃል። ስማቸው ሲነሳ ከሰው መሐል እየተነሳሁ እወጣ ነበር፤ እኔ ግን የማየው በሬ አልነበረኝም። በየእሑዱ ሽንቁሯ ውስጥ ዳቦ አላጣሁም፤ እትዬ ዘነቡ ናቸው የሚያስቀምጡት። ክረምት ሲገባ ጓድ ታደለ ተዛወረ፤ ተተኪው የእስረኛ ቀለብ የለኝም ብሎ የታሰሩትን ሽማግሌዎች ሁሉ ፈታ። አያ ፈንታው በሰው ትከሻ ተደግፈው መጡ። ጉልበታቸው ተቆላልፎ፣ እግራቸው እንደ መቀስ እየተሻገረ፣ በሁለት ዱላ ነበር የሚራመዱት። መንደሩ ሁሉ «እስር ቤት ሰበራቸው» አለ። እኔም የሰበርኋቸው እኔ እንደሆንሁ አወቅሁ።

በሦስተኛው ቀን ሄድሁ። በረቱ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የሞፈር እንጨት ይጠርባሉ። እግራቸው ሥር ተቀመጥሁ። «አያ ፈንታው፣ አንድ የምነግርዎት ነገር አለኝ። በዚያ ጉዳይ አንድ ክፉ ሰው ነበር…» ብዬ ጀመርሁ።

መጥረቢያቸውን አስቀመጡ። ሁለቱን ዱላ ይዘው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ተነሱ። ልረዳቸው እጄን ብዘረጋ አልፈለጉም። «እስቲ በሬዬን ልየው» አሉ።

ያን ቃል ሰው በሌለበት ሲታማ ነበር የሚሉት። እኔ ግን ፊታቸው ነበርሁ። ባዶው በረት እስኪደርሱ በጣም ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው። እዚያ ቆመው ወደ ውስጥ እያዩ ቆዩ። ተነስቼ ሄድሁ። በዓመቱ ተዛወርሁ። ከዚያ በኋላ ለገና ላሊበላ አንዳንዴ እንገናኝ ነበር፤ ጋቢ ገዝቼ ሰጥቻቸዋለሁ፣ መርቀውኛል። ያን ነገር ሁለታችንም አላነሳንም። ደርግ ወደቀ፣ መንገዱ ተከፈተ፤ ካሴ እንደ ወጣ ቀረ።

ለአርባቸው እሑድ በጠዋት ወይራ አምባ ደረስሁ። ትምህርት ቤቱ ሰፍቷል፤ የሰንበቴ ቤቱ ግን ያው ነው፣ ሽንቁሯም አለች። ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኛው ተሰብስቦ ዳቦ ተቆረሰ። አዲሱ ሙሴ ሁለት ቁራሽ ለየ፤ አንዱን ለካሴ፣ አንዱን ለአያ ፈንታው። እትዬ ዘነቡ ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ነው ያወቁኝ። ጥግ ይዘን ተቀመጥን። እጃቸውን ይዤ ሳለቅስ ቆየሁና እንደ ምንም ብዬ አወጣሁት።

«እትዬ፣ ያንን ዳቦ የምበላው እኔ ነበርሁ። ያሳሰርኋቸው እኔ ነኝ። እግራቸውን የሰበርሁት እኔ ነኝ።»

«ኤዲያ!» አሉ። «እግሩን የሰበረው እስር ቤት አይደለም። ጓያ ነው። ሳይታሰርም ጉልበቱ ይቆላለፍ ጀምሮ ነበር።»

አንድ ትንፋሽ ያህል ጊዜ ሸክሜ ሁሉ ከላዬ የወረደ መሰለኝ። እትዬ ዘነቡ ግን ገና አልጨረሱም ነበር።

«ያች ገብስ ለሦስታችንም አትበቃም ነበር። ‹የካሴ ዳቦ ላይ ጓያ እንዳትጨምሪ፤ አስተማሪው ጓያ ይፈራል› አለኝ። ‹አንተስ አትፈራም?› ብዬ ብጠይቀው፣ ‹ልጅ ነው፣ ከአገሩ ርቆ ነው ያለው፤ የካሴ ድርሻ ለሱ ካልሆነ ለማን ይሆናል› አለ። እኔ ጎመንም ቅጠላ ቅጠልም ለቃቅሜ አለፍሁ። እሱ ጓያውን በላ።»

ዙሪያችን ሰው ያወራል፣ ጽዋው ይዞራል። እትዬ ዘነቡ ተነስተው እየዳበሱ ሄዱና ለአያ ፈንታው የተለየውን ቁራሽ በጨርቁ ይዘው ተመለሱ። እጄ ላይ አስቀመጡት። ሳላስበው ከመቀመጫዬ ብድግ አልሁ፤ እንደዚያ ጊዜ፣ ጥቁር ሰሌዳው ሥር ቆሜ እንደበላሁት።

ክንዴን ይዘው ወደ ታች ሳቡኝ። «ተቀመጥ እንጂ» አሉ። «ዛሬ እንኳ ተቀምጠህ ብላው።»